በሊሚ ክንድ ላይ የቆሮሶ ቆዳ

ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ
ጥቅምት

ይድረስ ለእማዬ፣ ለሊሚ እናት፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? የጥቅምት ብርድ ሙከ ጡሪ ላይ እንደሚከፋ አውቃለሁና ሌሊቱ እንዴት እንደሚነጋልዎ እያሰብኩ ነው የምጽፍልዎ። ገብሱስ ያዘ? ላሚቱስ በሰላም ወለደች? እኛ፣ ጌታ ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ሊሚም አለች። ይህን ከሁሉ ያስቀደምኩት ወረቀቱን ሲከፍቱ ልብዎ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። አለች፤ ትበላለች፤ ትስቃለችም። የቀረውን ረጋ ብለው ያንብቡት።

ስልክዎን ከዘጉት ሰነበተ። መጀመሪያ ኔትወርክ ነው አልኩ። ቀጥሎ ቻርጅ አልቆባቸው ይሆናል አልኩ። የአውቶቡስ ሹፌሩ ይገዙ ግን ገበያ ላይ እንዳየዎት፣ ሰላም ሊልዎ ሲጠጋ ነጠላዎን ወደ ፊትዎ ስበው እንዳለፉት ነገረኝ። ያኔ ገባኝ። ይገዙ ጎማውን የሚያሠራው እኔ ጋ ነው፤ የታመነ ሰው ነው። ደብዳቤውን በእጁ ይሰጥዎታል እንጂ ለሌላ ሰው አያቀብልም። እርስዎም ለማንም እንዳያስነብቡት እለምንዎታለሁ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል እንደቆጠሩ ሊሚ አጫውታኛለች፤ ለዚህ ነው ጎላ ጎላ አድርጌ የምጽፈው።

የምጽፈው ጎሚስታ ቤቴ ውስጥ ሆኜ ነው። እጄ ጥቁር ስለሆነ ወረቀቱ ቢቆሽሽ ይቅር ይበሉኝ። ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ሁለት መስመር እጽፍና እነሣለሁ፤ በር ላይ ቆሜ የእንጦጦን ጋራ አያለሁ፤ ሥራ ሳይኖር ኮምፕሬሰሩን አስነሣለሁ፤ መልሼ አጠፋለሁ። ሊሚ ከተቃጠለች ጀምሮ እንዲህ ሆኛለሁ። አልጋም ላይ ብወጣ እግሬ አያርፍም።

ነገሩ የደረሰው እንዲህ ነው። ሊሚ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ቦንቦሊኖ እንደምትጠብስ ያውቃሉ። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ የሚሳፈር ሠራተኛ ሁሉ ደንበኛዋ ነው። ያን ዕለት እኔ አንድ ሚኒባስ በክሪክ አንሥቼ ብሎኖቹን እየፈታሁ ነበር። ጎረቤታችን ቡርቱካን ነጠላ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ ብቻ ቀርቶ እየሮጠች መጣች። «ኢታና! ድረስ! ሊሚ ዘይቱ ላይ ወደቀች!» አለችኝ። መፍቻውን የት እንደጣልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስደርስ ቤታችን በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። የዘይቱ ድስት ተገልብጧል። ቀኝ እጇ ከጣቶቿ እስከ ክርኗ ድረስ ተልጧል። ሴቶቹ ከበው ኮልጌት ቀብተዋታል፤ አንዷም ከላዩ እንቁላል ሰብራበታለች። በደግነት ነው ያደረጉት፤ አልወቅሳቸውም። ሆስፒታል ደርሰን ነርሷ «ቀዝቃዛ ውኃ ነበር ማፍሰስ! ውኃ ብቻ!» እያለች ያንን ሁሉ ስትጠርግ ግን ሊሚ አልጮኸችም። ያስፈራኝ ይህ ነው። ዓይኗ ሩቅ ነበር። የት እንዳለች የማታውቅ ትመስል ነበር። ድንጋጤ ነው ብዬ አለፍኩት።

«ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት «አዳለጠኝ» አለች። ለነርሷም «አዳለጠኝ»፣ ለሐኪሟም «አዳለጠኝ»፣ ለእኔም «አዳለጠኝ»። ለእርስዎ ስደውልም ያንኑ ነው የነገርኩዎ። እርስዎ ግን «እንዴት አዳለጣት?» አላሉኝም። «ብቻዋን ነበረች?» ነው ያሉኝ። ከዚያ በኋላ ድምፅዎ ጠፋ። ያን ጊዜ ጥያቄዎ አልገባኝም ነበር።

እማዬ፣ ቃጠሎ መቃጠሉ ብቻ አይደለም። ማጠቡ ነው። በየቀኑ ፋሻው ይፈታል፤ ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቋልና ሲላቀቅ አብሮ ሥጋ የሚነሣ ይመስላል። ማስታገሻ ይሰጧታል፤ ማስታገሻው ግን እስከ ልብ አይደርስም። ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ትይዛለች። እኔ ኮሪደር ላይ ነኝ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እመላለሳለሁ። አንድ ዘበኛ «ወንድሜ፣ ወለሉን ጨረስከው እኮ» አለኝ። ፋሻ የያዘችው ነርስ ስትመጣ ሊሚ ገና ሳትነካ መንቀጥቀጥ ጀመረች። እንደዚያ ባየኋት ቀን ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም።

ሐኪሟ ዶክተር ሉብና ትባላለች። በዕድሜ እኛን የምታህል ናት፤ ስታወራ አትቸኩልም። አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እንዲህ አለችን፤ «ክንድሽ ላይ ያለው ቃጠሎ የላይኛውን ቆዳ በልቶታል፤ ሥሩ ግን አልሞተም። ሥሩ ካለ ቆዳው ራሱ ይመለሳል። የሚያስፈልገው ሽፋን ነው፤ ርጥበቱ እንዳያልቅ፣ ጀርም እንዳይገባበት፣ በየቀኑም እንዳንነካካው። የእጅሽ ጀርባና ሁለቱ ጣቶችሽ ግን ጠልቀዋል። ለእነሱ ኋላ ከራስሽ ጭን ላይ ስስ ቆዳ እንወስዳለን።»

ሽፋኑ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። «የእንስሳ ቆዳ ነው» አለችኝ። «ሌላ አገር የአሳማም ይጠቀማሉ። እኛ ጋ ያለው የዓሳ ነው፤ የባቱ ሐይቅ ቆሮሶ። ቅርፊቱ ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ በመድኃኒት ተዘፍዝፎ፣ ከጀርም ጸድቶ ነው የሚመጣው። እዚህ ገና በጥናት ላይ ያለ ሕክምና ነው። ካልፈለጋችሁ በያዝነው መንገድ እንቀጥላለን፤ ማንም አይቆጣችሁም።»

አጠገባችን ያለችው አስታማሚ ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ የሰማችው አንድ ቃል ነው፤ አሳማ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ክፍሉ በሙሉ አሳማ አሳማ አለ። የእኔ እናት ሾዴ ምሳ ይዛ ስትመጣ ወሬውን የሰማችው ገና ከበሩ ነው። «የልጄን ሚስት አሳማ ሊያለብሷት ነው አሉ!» እያለች ገባች። ሳህኑን እንኳ አላስቀመጠችም። ዓሳ ነው ብላት «ዓሳስ ቢሆን? ሰው የአውሬ ቆዳ ለብሶ እንዴት ቤተ ክርስቲያን ይገባል?» አለችኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም ቀፎኝ ነበር።

የመለሰችላት ሊሚ ናት። ከተኛችበት ቀና ሳትል፣ «ዓሳ ከሆነማ ጌታ ራሱ ከትንሣኤው በኋላ በልቶታል» አለች። «እሱ ያልተጸየፈውን እኔ ልጸየፍ? ብቻ ያን ፋሻ በየቀኑ አትፍቱብኝ።» ሾዴ መጽሐፍ ቅዱሷን ዳር እስከ ዳር የምታውቅ ሴት ናት፤ ሳህኑን አስቀመጠች። በጾም ዓሳ የማይቀምሱ እርስዎ ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ግን አልበላችውም፤ ለበሰችው እንጂ።

ይቅርታ፣ አንድ ሲኖትራክ መጥቶ ተነሥቼ ነበር። የት ደረስኩ? አዎ፣ የቆሮሶው ቆዳ።

አደንዝዘው ነው ያለበሷት። በማግስቱ የላዩን ፋሻ ሲያስተካክሉ አየሁት። ግራጫም ነው ቡናማም ነው። ቅርፊቱ የነበረበት ቦታ እንደ ጥልፍ ምልክት ይዟል። ከክርኗ ጀምሮ ወደ ታች ልክክ ብሎ ተጣብቋል፤ ከእሷ ሌላ መሆኑን የሚያሳየው መልኩ ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። «ምን ታሸታለህ?» አለችኝ። «ዓሳ ይሸት እንደሆነ ብዬ» ስላት ሳቀች። ከተቃጠለች ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ምንም አይሸትም፣ እማዬ። ሕመሙም ሙሉ በሙሉ ባይሆን እንኳ ወረደላት። ያን ቀን ማንም ፋሻ አልፈታባትም። እንቅልፍ ወሰዳት፤ አፏን ከፈት አድርጋ እንደ ልጅ ተኛች።

እኔ ጎማ ላይ ልጥፍ ስለጥፍ ልጥፉ እዚያው ቀርቶ ከጎማው ጋር አብሮ ያልቃል። ይኼም እንደዚያ ይቀራል ወይ ብዬ ዶክተር ሉብናን ጠየቅኳት። «አይቀርም» አለችኝ። «ይሄ እንግዳ ነው። ባለቤቱ እስኪመለስ ቤት ይጠብቃል። የእሷ ቆዳ ከሥር ሲመጣ ይደርቅና ራሱ ይለቃል። ሥራውን የሚያበላሽብን ተቀዶ ከቦታው መነሣቱ ብቻ ነው።» ይህን ሰምቼ ሊሚ ስትገላበጥ እንኳ እጇን የምጠብቅ ሆንኩ።

አሁን ልጽፍልዎ ወደሚከብደኝ ደረስኩ።

ሊሚ በእግሯ ወጣ ወጣ ማለት ጀምራ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔና ሾዴ ደግፈናት ኮሪደሩ ላይ እየሄድን ሳለ ቆመች። አየር የምታሸት ያህል ቀና አለች። ከዚያ የማላውቀውን ድምፅ አውጥታ ግንድ ሲቆረጥ እንደሚወድቅ ወደቀች። ሰውነቷ ደረቀ፤ ከዚያ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ያ ዓሳ የለበሰው ክንዷ ወለሉ ላይ ይመታል። እኔ እጇን ልይዝ ተንበረከክሁ፤ ሾዴ «በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም!» እያለች ትጮኻለች። ነርሶቹ ሮጠው መጡ፤ በጎኗ አስተኟት፤ «አትያዛት፣ ተዋት፣ ከራሷ ሥር ልብስ አድርግ» አሉኝ። ጋቢዬን አደረግሁላት። ሲያልፍላት ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ ያ መጀመሪያ ቀን ያየሁት ሩቅ ዓይን ነው። ያኔ በድስቱ ዘይት ላይ ምን እንደጣላት ገባኝ። የእርስዎ ጥያቄም ገባኝ። «ብቻዋን ነበረች?»

ዶክተር ሉብና ነገሩን አላድበሰበሰችውም። «የሚጥል በሽታ ነው» አለች። «የአንጎል ሕመም ነው፤ መድኃኒት አለው። ወደዚህ ክፍል ተቃጥለው ከሚመጡት ውስጥ እሳት ላይ የጣላቸው ይህ የሆነ ብዙ ናቸው። ሁሉም ግን አዳለጠኝ ነው የሚሉን።» ሊሚ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኛ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ «ከልጅነቴ ነው። እማዬ ናት እንዳልናገር ያስማለችኝ። ከተናገርሽ የሚያገባሽ የለም አለችኝ» አለች።

እማዬ፣ ተናደድኩ። ደብዳቤው ሰላምታ ብቻ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን መዋሸት አልፈልግም። በጣም ነው የተናደድኩት፤ በእርስዎም በእሷም። ሰው አሮጌ ጎማ ሲሸጥ እንኳ የተለጠፈበትን ያሳያል ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት ነገር ራሴን አስጠላኝ፤ ሚስቴን ከጎማ ጋር ማስተያየቴ። ቢሆንም አሰብኩት። እርስዎ ቤት ተቀምጬ በእጅዎ ወተት ሲቀዱልኝ፣ «ልጄን አደራ» ሲሉኝ፣ አደራው ምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ነው የሰጡኝ። ባውቅ ኖሮ ዘይት ፊት ብቻዋን አቆማት ነበር? ይህ ቅሬታዬ ነው። ተናግሬዋለሁ፤ ከዚህ በላይ አላቆየውም።

ያን ዕለት ምንም ሳልናገራት ከሆስፒታሉ ወጣሁ። ወደ ቤት አልገባሁም። ታክሲም አልያዝኩም። ሽቅብ ወደ እንጦጦ፣ የእጽዋት ማዕከሉ አጥር ጥግ እስክደርስ ዝም ብዬ ሄድኩ። ተመልሼ ወረድኩ፤ ደግሞ ወጣሁ። ሾዴ ስልክ ደወለች፤ «ልጄ፣ አታለው ነው የሰጡህ። ልጅ ሳትወልዱ፣ ሳይረፍድ፣ ለየብቻ ብትሆኑ እግዚአብሔርም አይፈርድብህም» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁት። እንግዲህ እርስዎም ስልክ ሲዘጉ ምን እንደሚሰማዎት ያን ቀን አውቄዋለሁ።

ስመለስ ሊሚ በግራ እጇ ልብሷን ፌስታል ውስጥ እየከተተች አገኘኋት። «ቤት ያለውንም ዕቃዬን በይገዙ ለእማዬ ላክልኝ» አለችኝ። አታለቅስም ነበር። ምን እንደምላት ጠፋኝና፣ እንዲያው አፌ ላይ የመጣውን ጠየቅኳት፤ «ሊመጣብሽ ሲል ይታወቅሻል?»

ፌስታሉን አስቀመጠች። «ይሸተኛል» አለችኝ።

«ምን ይሸትሻል?»

«ጎማ» አለች። «ጎማ ሲቃጠል የሚሸተው።»

እማዬ፣ እኔ ጎሚስታ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጎማ አቃጥዬ ነው ማታ ቤቴ የምገባው። ከተጋባን ጀምሮ በር ስከፍት ሊሚ ፊቷ ይለዋወጥ ነበር። ወይ ወለሉ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ወይ ግድግዳ ትይዛለች። ሥራዬን ንቃ፣ ሽታዬን ጠልታ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ቧንቧው ጋ ውጭ በኦሞ ታጥቤ፣ ልብስ ቀይሬ ነው የምገባው፤ ያም ሆኖ አይለቅም። አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ኩራት ይዞኝ። እሷ ደግሞ ሽታው የባሏ ይሁን የበሽታው መለየት አቅቷት በየማታው ትፈራ ኖሯል። እንዲህ ሆነን ነው አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ የኖርነው።

«ያን ቀንስ?» አልኳት።

«ያን ቀን ጠዋት ሸተተኝ» አለችኝ። «ሌላ ጊዜ ቢሆን ከድስቱ ርቄ እቀመጥ ነበር። ግን አንተ የመጣህ መሰለኝ። ቁርስ ሊበላ መጣ ብዬ ደስ አለኝና ዞርኩ።»

ከዚህ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ፌስታሉን ወስጄ ልብሱን አንድ በአንድ አውጥቼ መልሼ ከአልጋዋ አጠገብ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ እንደከተትኩት ብቻ አስታውሳለሁ። አጣጥፌ እንኳ አይደለም፤ ጠቅልዬ። እሷ «እንደዚያ አይታጠፍም» ስትለኝ ሁለታችንም ማልቀስ ጀመርን።

የአንጎል ሐኪም አይቷት ክኒን ካዘዘላት በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጡ። ሾዴ ናት የነገረቻቸው። አንደኛው «ይህ መንፈስ ነው፤ ክኒኑን ትታ ጾም ጸሎት ይያዝ» አሉ። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምር ሰው ነኝ፤ ሽማግሌ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ቀን ግን ቆሜ፣ «አባቶች፣ ጸልዩላት፤ እኔም አብሬያችሁ እጸልያለሁ። ክኒኑን ግን አታቆምም። ሚስቴ ውስጥ ያለው ሕመም ነው እንጂ ሌላ ማንም የለም» አልኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን ጫኑብን፤ አጭር ጸሎት ጸለዩና ሄዱ። ቅር ብሏቸዋል መሰለኝ። ቅር ይበላቸው፤ ያልፋል።

ያኛው ጭንቀቴ ግን አላለፈም ነበር፤ ቆዳው። ስትወድቅ አንዱ ጠርዙ ተላቆ ነበር። ዶክተር ሉብና አየችው፤ የተላቀቀውን ቆርጣ ሌላ ቁራጭ ተካችበት። «እንጠብቃለን» ብቻ ነው ያለችን። መጠበቅ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ቅጣት ነው። በየጠዋቱ ሆስፒታል፣ ቀን ሥራ፣ ማታ ተመልሼ ሆስፒታል። ሊሚ «አትንቆራጠጥብኝ፣ ዓሳው ይደነግጣል» ትለኛለች። ቀን በቀን ቆዳው እየጠቆረ፣ እየደረቀ፣ ጠርዙ እንደ አሮጌ ቀለም እየተነሣ መጣ።

ሊያነሡት የተባለ ዕለት ሾዴ ሳይጠሯት መጣች። ቁጣዋ በርዶ ነበር፤ ወይም ደክሟታል። በር ላይ ቆማ ነበር። ዶክተሯ ቅባት ቀብታ አለስልሳ ቀስ እያለች ላጠችው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሊሚ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። የሰማሁት ግን የሾዴን ድምፅ ነው፤ «ውይ፣ የአራስ ልጅ ገላ!»

ዓይኔን ስገልጥ፣ እማዬ፣ ክንዷ ላይ ቆዳ አለ። ቀላ ያለ፣ ስስ፣ የሚያብረቀርቅ፤ ግን ቆዳ ነው፤ የራሷ ነው። ጠርዙ የተላቀቀበት ቦታ ብቻ ዘግይቷል። ሾዴ ጠጋ ብላ በአንድ ጣቷ ነካ አደረገችውና፣ «ያማል?» አለቻት። «አያምም፤ ይኮረኩራል» አለቻት ሊሚ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ምሳዋን በእጇ የምታጎርሳት ሾዴ ናት። ስለ መለያየትም ዳግም አላነሣችም። እኔም አላስታውሳትም።

ሁሉም እንደ ክንዷ አልሆነም። የእጇ ጀርባ ከጭኗ በተወሰደ ቆዳ ተሸፍኗል፤ ይዟል፤ ግን ሁለቱ ጣቶቿ እንደ ልብ አይታጠፉም። በየቀኑ ማሠራት አለብን። መልኩም አንድ ዓይነት አይሆንም ተብለናል። ቦንቦሊኖው ቆሟል። ወደፊት እሳት የሌለበት ሥራ እናስባለን፤ ቡርቱካን ሽንኩርትና ቲማቲም አብረን እንሽጥ እያለቻት ነው። ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ አልወደቀችም። እንቅልፍ ያበዛባታል፤ የአንጎል ሐኪሙ ይስተካከላል ብሏል። ማታ በር ስከፍት አሁን አትቀመጥም። በቀደም «አሁን ጎማ ከሸተተኝ አንተ ነህ» አለችኝ። እኔም ውጭ መታጠቤን ትቻለሁ።

እንግዲህ ዜናው ይህ ነው። ሊሚ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ናት። እርስዎን ትጠይቃለች። «እማዬ መሐላዋን እንዳፈረስኩ ገብቷት ተቆጥታኝ ነው» ትላለች። እኔ ግን የተቆጡ አይመስለኝም። ያፈሩ ነው የሚመስለኝ። አይፈሩ። ልጅዎን ለማዳር የዋሹ እናት ነዎት፤ እኔ ደግሞ ሚስቴን ሳልጠይቅ የኖርኩ ባል ነኝ። ማን ማንን ይወቅሳል?

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲያዝ ሊሚን «በቤተሰብ ውስጥ ሌላ ያለበት ሰው አለ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። ሊሚ ብዙ ካሰበች በኋላ «የለም» አለች። አንዱን መሐላ ብታፈርስም ገና የምትጠብቀው ሌላ መሐላ እንዳለ አየሁባት። እኔም አልገፋኋትም። ብቻ በሠርጋችን ሰሞን ቤትዎ ስከርም ለምን ምድጃ ፊት እንደማይቆሙ፣ ለምን በዚያ ፀሐይ እጅጌዎን እስከ ጣትዎ ስበው እንደሚይዙ፣ ለምን ወንዝ ሲወርዱ ሰው ካልተከተለዎ እንደማይሄዱ፣ ያን ጊዜ የእርጅና ጠባይ ያልኩት ሁሉ አሁን እንቅልፍ ነሥቶኛል። አልጠይቅዎትም። እንዲመልሱልኝም አልፈልግም።

ሊሚ ለምርመራ የምትቀርበው በሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ይገዙ ሰኞ ጠዋት ከደጃፍዎ ይወስድዎታል፤ ወንበርዎ ከእሱ አጠገብ ነው፤ መንገዱን ሁሉ ከጎንዎ አይለይም። እኛ ቤት እሳቱን የምታነድደው ሾዴ ናት፤ እርስዎ አይነኩትም። አልጋዎ ከሊሚ አልጋ አጠገብ ተነጥፏል። ዝቅ ያለ ፍራሽ ነው።

ሐኪሙን አንድ ነገር ብቻ ጠይቄዋለሁ፤ ይህ መድኃኒት ዕድሜው ለገፋ ሰው፣ ዘመኑን ሁሉ ደብቆት ለኖረ ሰው ይሠራል ወይ ብዬ። «ይሠራል» አለኝ። ለማን እንደጠየቅሁ አልነገርኩትም።

የእናቶች አምላክ መንገድዎን ያቅናልዎ። ከመውደቅ ይጠብቅዎ። ላሚቱን ለጎረቤት አደራ ብለው ይምጡ። ሊሚ በግራ እጇ ሰላምታዋን ጽፋ ልትጨምርበት ፈልጋ ነበር፤ ይህን ክፍል እንዳታነብ ብዬ ከለከልኳት። ጉልበትዎን ስማለች በልልኝ ብላለች።

እኔም ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ፣
የሊሚ ባል